ጉርሻው የማንን ወጪ ይሸፍናል? ከፑልማን ባቡር እስከ ዶርዳሽ

በ18ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ አገር የጌቶች ቤት ግብዣ በነጻ አልነበረም። እንግዳው በልቶ ጠጥቶ ሲነሣ አገልጋዮቹ ከአዳራሹ እስከ ውጭው በር ግራና ቀኝ ተሰልፈው ይጠብቁታል። ባርኔጣው በአንዱ እጅ፣ ጓንቱ በሌላው፣ ከዘራው በሦስተኛው ነው፤ ሁሉንም ሰብስቦ ለመውጣት ለእያንዳንዱ ሳንቲም ማስጨበጥ ግድ ነበር። የሰጠ በክብር ይሸኛል፤ ያልሰጠ ሌላ ቀን ሲመጣ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። በ1760 አካባቢ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የስኮትላንድ መኳንንት ይህን ልማድ ለማስቀረት ተስማሙ። እንቅስቃሴው ለንደን ሲደርስ ግን አሽከሮቹ ዝም አላሉም፤ በ1764 ራኔላ በተባለው የመናፈሻ ሥፍራ ሁከት አነሡ።

ቁጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጌቶቹ የአሽከር ደመወዝ ሲተምኑ እንግዳ የሚሰጠውን አስቀድመው አስበውበታል፤ ስለዚህ ጉርሻው ሲቀር የሚጎድለው ከአሽከሩ ጉሮሮ ነው። እንግዳው ለአሽከሩ የሰጠ ይመስለዋል እንጂ ከፊሉን ለጌታው እየከፈለለት ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው የጉርሻ ታሪክ፣ በተለይም ልማዱ ሥር በሰደደበት በአሜሪካ፣ ይህንኑ ሒሳብ ተከትሎ የሚሄድ ነው።

አሜሪካኖች በመጀመሪያ ጉርሻን ይጠየፉት ነበር። ንጉሥና መኳንንት የለንም ለሚል ሕዝብ፣ አንዱ እጁን ዘርግቶ ሌላው ከላይ ሳንቲም የሚጥልበት ነገር የአውሮፓ ጌታና ሎሌ ልማድ ሆኖ ታየው። የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1865 ካበቃ በኋላ ግን ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ። አንደኛ፣ ሀብታሞቹ አውሮፓ ደርሰው ሲመለሱ ልማዱን ይዘውት መጡ። ሁለተኛና ዋነኛው፣ አራት ሚሊዮን የሚያህሉ ጥቁር አሜሪካውያን ከባርነት ወጥተው ሥራ ፈላጊ ሆኑ። ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶችና የባቡር ኩባንያዎች እነዚህን ሰዎች በትንሽ ደመወዝ፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ደመወዝ፣ ቀሪውን ደንበኛ ይሰጣችኋል እያሉ ቀጠሯቸው።

ከሁሉም የገነነው ጆርጅ ፑልማን ነው። በ1867 ኩባንያውን ሲያቋቁም ለገበያ ያቀረበው ተኝቶ የመጓዝን ምቾት ነበር፦ ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ ንጹሕ አንሶላ፣ የሚታዘዝ ሰው። ለመታዘዙ ሥራ የመረጣቸው ከባርነት የወጡ ጥቁር ወንዶችን ነው፤ ማገልገል ለምደዋል፣ ክፍያም አያበዙም ብሎ። ፖርተር ይባሉ ነበር። ከጊዜ በኋላ ፑልማን በአገሪቱ ከማንም በላይ ጥቁሮችን የሚቀጥር ኩባንያ ሆነ።

የፖርተሩ ሥራ ይህን ይመስላል። ባቡሩ ከመነሣቱ በፊት ተሳፋሪ ተቀብሎ ዕቃ ይሰቅላል። ሲመሽ ወንበሮቹን አጥፎ፣ ከጣሪያው ሥር የተቆለፈውን አልጋ አውርዶ አንሶላ ያነጥፋል፣ መጋረጃ ይጋርዳል። ተሳፋሪው ሲተኛ ጫማዎቹን ሰብስቦ ሲወለውል ያድራል፤ የጫማ ቀለሙን የሚገዛው ከራሱ ኪስ ነው። የሚበላውንም የሚከፍለው ራሱ ነው። ደወል በተደወለ ቁጥር መነሣት አለበት፤ የሚያሸልበው በወንዶች ማጨሻ ክፍል ሶፋ ላይ ነው፣ ያውም ለጥቂት ሰዓት። ስሙን የሚጠይቀው የለም፤ በባርነት ዘመን ባሪያ በጌታው ስም ይጠራ እንደነበር፣ ተሳፋሪውም በኩባንያው ባለቤት ስም «ጆርጅ» ይለዋል። ጉዞው ሊያልቅ ሲል ትንሽ መጥረጊያውን ይዞ ይመጣና የተሳፋሪውን ኮት ከትከሻው እስከ ጫፉ ይጠርግለታል። የጉርሻዋ ሰዓት ያቺ ናት። የልጆቹ ቀለብ በዚያች ደቂቃ ላይ ተንጠልጥሏልና ደክሞትም ይስቃል፣ ተሰድቦም ይስቃል።

በ1915 የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ጉዳይ መርማሪ ኮሚሽን የዚህን ፈገግታ ሒሳብ አደባባይ አወጣው። የፖርተር ደመወዝ በወር 27 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር፤ ኩባንያው ደመወዙን እዚያ ላይ ማቆም የቻለው ቀሪውን ተሳፋሪው ስለሚሞላለት ነው። ከምስክሮቹ አንዱ የኩባንያው የቦርድ ሊቀ መንበር ሮበርት ቶድ ሊንከን ነበር፤ የአብርሃም ሊንከን ልጅ። አባትየው የነጻነት አዋጁን የፈረመላቸው ሰዎችና ልጆቻቸው፣ ልጅየው በሚመራው ኩባንያ ውስጥ ከተሳፋሪ በሚወረወር ሳንቲም ይኖሩ ነበር።

በነጩ ሕዝብ ዘንድም በዚያው ሰሞን ቁጣ ተነሥቶ ነበር፤ የተቆጣው ግን በአብዛኛው ለሠራተኛው አዝኖ ሳይሆን ለኪሱ ሰግቶ ነው። ከከተማ ከተማ የሚዞሩ ነጋዴዎች በየሆቴሉና በየባቡሩ መክፈል ሰለቻቸው። በ1909 የዋሽንግተን ግዛት ጉርሻን በሕግ ከለከለ። ሚሲሲፒ፣ አርካንሳስ፣ አይዋ፣ ሳውዝ ካሮላይና፣ ቴነሲና ጆርጂያም ተከተሉ። በ1916 ዊልያም ስኮት የተባለ ጸሐፊ ጉርሻ የዴሞክራሲ ጠላት ነው የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ሕጎቹ ግን በወረቀት ቀሩ። ፖሊስ በየጠረጴዛው ሥር እየገባ ሳንቲም ሊቆጥር አይችልም፤ ከሁሉም በላይ ሕጎቹ ሰጪውንና ተቀባዩን ከለከሉ እንጂ አሠሪውን «ያጎደልከውን ክፈል» አላሉትም። የመጨረሻው ሕግ በ1926 ተሻረ።

ጥያቄውን ከሥሩ ያነሡት ጉርሻ ተቀባዮቹ ራሳቸው ናቸው። ኦገስት 25 ቀን 1925 በኒው ዮርክ ሐርለም ውስጥ ፖርተሮች ተሰብስበው ማኅበር መሠረቱ። መሪ አድርገው የመረጡት ኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍን ነው፤ መጽሔት አዘጋጅ እንጂ ፖርተር ስላልነበር ኩባንያው ሊያባርረው አይችልም። የቀድሞዎቹ ሙከራዎች የከሸፉት መሪዎቹ እየተባረሩ ነበርና ይህች ብልሃት ጠቀመች።

በ1927 ማኅበሩ ያልተጠበቀ አቤቱታ ይዞ ቀረበ። የባቡር ኩባንያዎችን ለሚቆጣጠረው የፌዴራል ኮሚሽን፣ ፑልማን ጉርሻን እንደ ደመወዝ እየቆጠረ ሠራተኛ መቅጠሩ ሕገ ወጥ ነውና ይመርመር ሲል አመለከተ። ከገቢያቸው ትልቅ ክፍል በጉርሻ የሚያገኙ ሰዎች ጉርሻውን ራሱን በክስ አቆሙት። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር፦ ተሳፋሪው ቢሰጥ ባይሰጥ ቤተሰብ የሚያኖር ደመወዝ ይገባናል፣ ለሥራችን እንጂ ለፈገግታችን አንከፈል ነው። ኮሚሽኑ በ1928 ይህ በሥልጣኔ ሥር አይደለም ብሎ መዝገቡን ዘጋው።

ማኅበሩ ግን አልተበተነም። የኩባንያውን ስለላና ማባረር፣ የኢኮኖሚ ቀውሱንም አልፎ፣ በተመሠረተ በ12 ዓመቱ፣ በዚያችው ዕለት ኦገስት 25 ቀን 1937 ፑልማን የሥራ ውል ፈረመ። በወር ወደ 400 ሰዓት ይደርስ የነበረው ሥራ ወደ 240 ወረደ፤ የደመወዙም ጭማሪ በጠቅላላው 1.25 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። ከዚሁ ማኅበር የወጡ ሰዎች በኋላ ወደ ሰፊው የመብት ትግል ገቡ። በ1955 የሞንትጎመሪን የአውቶቡስ አድማ ካስተባበሩት አንዱ ኢ. ዲ. ኒክሰን የፑልማን ፖርተር ነበር፤ የ1963ቱን የዋሽንግተን ሰልፍም የመራው ያው ራንዶልፍ ነው። ተሳፋሪው ግን ከውሉ በኋላም ለፖርተሩ መስጠቱን አልተወም። የተለወጠው የተሰጠው ሳንቲም የሚሠራው ሥራ ነው፤ የኩባንያውን ጉድለት ከመሙላት ወደ ጭማሪነት እየተጠጋ ሄደ።

በሌላው የሥራ ዘርፍ ነገሩ ተቃራኒ መንገድ ያዘ። በ1938 የአሜሪካ ምክር ቤት የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ዝቅተኛ ደመወዝ ደነገገ፤ በሰዓት 25 ሳንቲም። ሕጉ የምግብ ቤትና የሆቴል ሠራተኛን አልነካም፤ በባቡር ጣቢያ ሻንጣ የሚሸከሙትን ቀይ ቆብ ለባሾች ግን ነካቸው። እነዚህ ሰዎች በብዙ ጣቢያዎች ደመወዝ የሚባል ነገር አይተው አያውቁም ነበር፤ ኑሯቸው ሙሉ በሙሉ በጉርሻ ነው። አሁን 25ቱን ሳንቲም የሚከፍላቸው ያገኙ መሰላቸው። የጣቢያ ኩባንያዎቹ ግን ዘዴ አላጡም፦ ያገኛችሁትን ጉርሻ በየቀኑ አስመዝግቡ፣ ከ25 ሳንቲም ከጎደለ እንሞላለን፣ ካልጎደለ ግን ተከፍሏችኋል አሉ። ሸካሚዎቹ ተከራከሩ፤ ተሳፋሪ በእጃችን ያስቀመጠው የእኛ ገንዘብ ነው፣ የእናንተን ዕዳ እንዴት ይከፍላል ብለው ከሰሱ። በ1942 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለኩባንያዎቹ ፈረደ። ዳኞቹ ሁሉ ባይስማሙም ብይኑ ጸና፦ አሠሪው አስቀድሞ ካሳወቀ ጉርሻ እንደ ደመወዝ ሊቆጠር ይችላል።

በ1966 ይህ አሠራር በሕግ ተጻፈ። ዝቅተኛው ደመወዝ ለሆቴልና ለምግብ ቤት ሠራተኞች ደረሰ፤ ይሁንና አሠሪው ግማሹን ብቻ ከፍሎ ግማሹን ከጉርሻ እንዲያካክስ ተፈቀደለት። በ1991 አጠቃላዩ ወለል 4 ዶላር ከ25 ሳንቲም ሲሆን የአስተናጋጁ ድርሻ 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ሆነ። በ1996 ምክር ቤቱ ወለሉን ሲያሳድግ ሁለቱን አላቀቃቸው፤ ትልቁ ወጣ፣ ትንሹ ባለበት ቆመ። በፌዴራሉ ሕግ የአስተናጋጅ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ዛሬም 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው። ጉርሻው ከአጠቃላዩ ወለል፣ ማለትም ከ2009 ጀምሮ ካለው 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም፣ ከጎደለ አሠሪው መሙላት አለበት ይላል ሕጉ፤ ይህን ግን ብዙ ጊዜ ከሠራተኛው በቀር የሚቆጥር የለም፣ ሠራተኛውም ሥራውን ይፈራል። ከዚህ ሥርዓት የወጡ ሰባት ግዛቶች አሉ፦ ካሊፎርኒያ፣ ኦሪገን፣ ዋሽንግተን፣ ኔቫዳ፣ ሞንታና፣ ሚኔሶታና አላስካ። እዚያ አስተናጋጅም እንደማንኛውም ሰው ሙሉውን ዝቅተኛ ደመወዝ ያገኛል፤ ደንበኞቹም ሒሳብ ሲከፍሉ ቲፕ መስጠታቸውን አልተዉም።

ከዚያ ስልኩ መጣ። ዶርዳሽ በ2013 በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ ውስጥ በስታንፎርድ ተማሪዎች ተጀመረ፤ ኡበር ኢትስ በዓመቱ ተከተለ። እነዚህ ኩባንያዎች ይዘውት የመጡት አዲስ ነገር ከአፑ ይልቅ የሥራ ውሉ ነው። ምግብ አድራሹ ተቀጣሪ ሳይሆን በራሱ የሚሠራ ሰው ነው ተባለ። ስለዚህ የ1938ቱም ሆነ የ1966ቱ ሕግ አይመለከተውም። መኪናው የራሱ፣ ቤንዚኑ የራሱ፣ ኢንሹራንሱ የራሱ፤ የጫማ ቀለሙን ራሱ ይገዛ ከነበረው ፖርተር የሚለየው ዩኒፎርም ስለማይለብስ ብቻ ነው። ዝቅተኛ ደመወዝ የሚባል ወለል ከሥሩ ተነቅሎ ጉርሻው ብቻውን ቀረ።

የውስጡ ሒሳብ የወጣው በ2019 ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ኢንስታካርት የተባለው አስቤዛ አድራሽ ኩባንያ አንድ ሠራተኛ ለአንድ ሥራ ከደረሰው 10 ዶላር ከ80 ሳንቲም ውስጥ 10ሩ የደንበኛው ጉርሻ፣ የኩባንያው ድርሻ 80 ሳንቲም ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጩኸቱ በረታና ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ አሠራሩን ለወጠ። በሐምሌ ወር ደግሞ አንድ የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ ራሱ ብስክሌት ይዞ የዶርዳሽ ምግብ አደረሰና ያየውን ጻፈ። ለመጀመሪያው ትእዛዝ አፑ ቢያንስ 6 ዶላር ከ85 ሳንቲም ታገኛለህ ብሎታል። ደንበኛዋ በአፑ በኩል 3 ዶላር ጉርሻ ሰጠች። የደረሰው 6 ዶላር ከ85 ሳንቲም ነው። ሴትየዋ ምንም ባትሰጥ ኖሮ ያንኑ ያህል ኩባንያው ይከፍል ነበር፤ ስለሰጠች ለኩባንያው 3 ዶላር ተረፈለት። እሷ ላደረሰላት ሰው የሰጠች መስሏት ለዶርዳሽ ሰጠች።

ይህ ከቀይ ቆብ ለባሾቹ ታሪክ የተለየ አይደለም፤ ያኔ ቢያንስ የጣቢያ ኩባንያዎቹ ለሠራተኛው አሳውቀው ነበር። ዶርዳሽ ጽሑፉ በወጣ በቀናት ውስጥ አሠራሩን እንደሚለውጥ አስታወቀ፤ ክሱ ግን አልቀረለትም። የዋሽንግተን ዲሲ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በዚያው ዓመት ከሶት በ2020 በ2.5 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ፤ የኒው ዮርክ ግዛት ጉዳይ በ2025 በ16.75 ሚሊዮን ዶላር ተቋጨ። የአማዞን የዕቃ ማድረሻ አገልግሎት አማዞን ፍሌክስም አልዳነም። በሰዓት ከ18 እስከ 25 ዶላር ከነሙሉ ጉርሻችሁ ብሎ ሾፌር ሲመለምል ቆይቶ፣ ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ጉርሻውን ቃል የገባውን የሰዓት ክፍያ መሙያ አድርጎታል ተብሎ በ2021 በፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን 61.7 ሚሊዮን ዶላር ለሾፌሮቹ እንዲመልስ ሆነ።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ሐበሻው ደጃፍ ይገባል። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች በብዛት ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ የሚገኝባት ናት። በመኪና ማቆሚያ ቤቶች ቁልፍ የሚቀበሉት፣ በታክሲና በኡበር የሚያድሩት፣ በሆቴልና በምግብ ቤት የሚያስተናግዱት፣ አሁን ደግሞ የዶርዳሽ ቦርሳ ይዘው ፎቅ የሚወጡት ብዙዎቹ ሐበሾች ናቸው። በዩ ስትሪትና በዘጠነኛው ጎዳና የምግብ ቤቱ ባለቤትም ሐበሻ፣ አስተናጋጇም ሐበሻ ናትና የጉርሻው ክርክር የቤት ውስጥ ነው። በ2018 የከተማዋ መራጭ የአስተናጋጅ ደመወዝ ቀስ በቀስ ከሌላው ጋር ይስተካከል የሚለውን ሐሳብ በድምፅ አጸደቀ። ያኔ በሰዓት የሚከፈላት 3 ዶላር ከ33 ሳንቲም፣ የሌላው ዝቅተኛ ደመወዝ 12 ዶላር ከ50 ነበር። ባለቤቶቹ እንዘጋለን አሉ፤ ከአስተናጋጆቹም ቲፓችን ይቀንሳል ብለው የሰጉ ብዙ ነበሩ። የከተማዋ ምክር ቤት በጥቂት ወራት ውስጥ የመራጩን ድምፅ ሻረ። በ2022 ጥያቄው እንደገና ቀረበ፤ መራጩ አሁን ከመጀመሪያው በሰፋ ብልጫ አዎ አለ። በ2025 ምክር ቤቱ ዳግመኛ ገብቶ ጭማሪውን አዘገየው፣ ጣሪያውንም ዝቅ አደረገው።

ሁለቱም ወገን የሚናገረው እውነት አለው። በአርብ ምሽት በተጨናነቀ ቤት የምትሠራ አስተናጋጅ በቲፕ የምታገኘው ከማንኛውም የሰዓት ክፍያ ይበልጣል፤ ያ እንዲነካባት አትፈልግም። ማክሰኞ ቀን ባዶ ቤት ውስጥ የቆመችዋ ግን የምትኖረው በሕጉ በተጻፈው ነው። ባለቤቱም በጠባብ ትርፍ፣ በከባድ ኪራይ ሥር ነው። ሆኖም አንድ ቤት ለሠራተኛው መክፈል የሚችለው ደንበኛው ደግ ሲሆን ብቻ ከሆነ፣ ያን ቀዳዳ የሚደፍነው ሰው ባለቤቱ ሳይሆን አስተናጋጇ ናት።

በኒው ዮርክ ምግብ አድራሾቹ በራሳቸው ተደራጁ። አብዛኞቹ ከሜክሲኮና ከጓቲማላ የመጡ፣ በኤሌክትሪክ ብስክሌት የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። በኮሮና ወቅት ከተማው ሲዘጋ የሰውን እራት ያደረሱ እነሱ፣ የምግብ ቤቱን ሽንት ቤት እንኳ እንዳይገቡ ይከለከሉ ነበር። በ2021 የከተማው ምክር ቤት ሽንት ቤት እንዲከፈትላቸው፣ አፖቹም ከእያንዳንዱ ሥራ ስንቱ ጉርሻ እንደሆነ እንዲያሳዩ ደነገገ። ከፍርድ ቤት ክርክር በኋላም በ2023 መጨረሻ ጉርሻን ሳይጨምር የሰዓት ወለል ተቆረጠላቸው፤ 17 ዶላር ከ96 ሳንቲም፣ በ2025 ደግሞ 21 ዶላር ከ44 ሳንቲም። ኩባንያዎቹ አጸፋውን በስልኩ መስታወት ላይ መለሱ፦ የጉርሻውን ጥያቄ ሲታዘዝ ከሚታይበት ቦታ አንሥተው ምግቡ ከደረሰ በኋላ አደረጉት። የጠገበ ሰው ወደ አፑ የሚመለሰው ስንቴ ነው? ጉርሻው ወረደ። ወለሉ ግን ቆመ።

በ2025 ፌዴራል መንግሥቱም ገባበት፤ እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ ጉርሻ ከገቢ ግብር ስሌት እንዲቀነስ የሚፈቅድ፣ እስከ 2028 የሚዘልቅ ሕግ ወጣ። ለሠራተኛው እፎይታ ነው። አሠሪው ግን በዚህም ሕግ አንድ ሳንቲም እንዲጨምር አልተጠየቀም።

እንግዲህ ላደረሰልን፣ ላስተናገደን፣ መኪናችንን ላቆመልን ሰው እንስጥ ወይስ እንተው? ታሪኩን የተከተለ ሰው መስጠቱን አያቆምም። የ1909ኙ ሕግ እንዳሳየው ጉርሻ መንፈግ አሠሪውን አይነካውም፤ የሚጎዳው በዝናብ ፎቅ የወጣው ሰው ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ያዘዘ ይስጥ፤ ሲቻል በእጅ፣ በአፕ ከሆነም ክፍያው እንዴት እንደሚከፋፈል ጠይቆ። ጉርሻ ደመወዝን ተክቶ ሲቆም ግን ከአሽከሮቹ ዘመን እስከ ዶርዳሽ የደገፈው አሠሪውን ነው፤ ከደመወዝ በላይ ሲጨመር ብቻ የተቀባዩ ይሆናል። ይህን መስመር እንግዳ በቸርነቱ ማስመር አይችልም። ፖርተሮቹ በማኅበር፣ ብስክሌተኞቹ በከተማ ምክር ቤት፣ የዲሲ ሰዎች በድምፅ መስጫ ካርድ ነው የሞከሩት። ቲፕ የምንሰጥ ሰዎች ድምፅ የመስጠት መብት ካለን፣ በሁለቱም በኩል ልንቆጠር ይገባል።